አሜሪካ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ለመክፈት፦ ሊዙን ከመፈረማችሁ በፊት

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ምግብ ቤት ሊከፍት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ኪራዩንና ፓርኪንጉን ነው። ቀና ብሎ ጣሪያውን የሚያይ ጥቂት ነው። ብዙ ገንዘብ የሚበላው ግን እዚያ ነው።

ስለዚህ ከጭሱ ጀምሩ። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ጥብስ ሲጠበስ ቅባት ያዘለ ጭስ ይወጣል። ለእንዲህ ያለ ምድጃ የሕንፃ ደንቡ፣ ማለትም ኮዱ፣ ታይፕ ዋን የሚባለውን ሁድ (ጭስ መሳቢያ) ይጠይቃል። ይሄ ከምድጃው በላይ የሚሰቀል ቆርቆሮ ብቻ አይደለም፤ የራሱ እሳት ማጥፊያ አለው፣ ቱቦው አብዛኛውን ጊዜ እስከ ጣሪያው ይወጣል፣ የወጣውን አየር የሚተካ ሌላ አየርም ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ከላይ አፓርታማ ካለ ቱቦው በየት በኩል ያልፋል? አንድ ወዳጄ ልብስ መሸጫ የነበረ ቤት ተከራይቶ ይህን የጠየቀው ቁልፍ ከተረከበ በኋላ ነው። አከራዩ ፎቁን አላስበሳም አለ። አንድ ሳህን ምግብ ሳይሸጥ ስምንት ወር ኪራይ ከፈለ።

ይህ እንዳይደርስባችሁ ምግብ ቤት ሠርቶ የሚያውቅ አርክቴክት ይዛችሁ ቤቱን እዩ። ለአንድ ቀን ጉብኝት የምትከፍሉት ከአንድ ወር ኪራይ ያንሳል። ሊዙ ላይም “ፐርሚት ካልተገኘ ውሉ ይፈርሳል” የሚል አንቀጽ አስገቡ።

ቀጥሎ ቤቱ የሚይዘውን ሰው ቁጠሩ። ብዙ ስቴቶች የሚከተሉት ኮድ ጠረጴዛና ወንበር ላለበት ቦታ ለአንድ ሰው 15 ስኩዌር ፊት ይይዛል፣ ለኩሽና ደግሞ 200። 600 ስኩዌር ፊት መመገቢያና 400 ኩሽና ካላችሁ 40 እና 2፣ በድምሩ 42 ሰው ማለት ነው። ከ50 በታች ስለሆናችሁ ብዙ ነገር ይቀላል፤ ርቀቱ ከፈቀደ አንድ መውጫም ሊበቃችሁ ይችላል። 50 ከሞላ ሁለተኛ መውጫ ይመጣል፣ በሮቹም ወደ ውጭ መከፈት አለባቸው።

እዚህ ላይ የኛ ቤቶች ልዩ ነገር አላቸው። ዓርብ ማታ ጠረጴዛ ተነስቶ እስክስታ ከተጀመረ ስሌቱ ሌላ ነው። ሰው ቆሞ ለሚሞላው ቦታ 5 ስኩዌር ፊት ነው የሚያዘው፣ ስለዚህ ያው 600 ለ120 ሰው ይቆጠራል፣ 100 ከሞላ ደግሞ ከጣሪያ ውሃ የሚረጭ የእሳት ስፕሪንክለር ይጠየቃል። ሙዚቃ የምታስቡ ከሆነ ለአርክቴክቱ ከመጀመሪያው ንገሩት። ሰው የታጨቀበት ክፍል ውስጥ እሳት ቢነሳ መውጫው የሁላችንም ነፍስ ነው።

ወንበርና መሶቡንም አስቡ። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስጠብቀው፣ ኤዲኤ የሚባለው ሕግ ከመቀመጫው ቢያንስ 5 በመቶው ለዊልቼር እንዲመች ይላል፤ ጠረጴዛው ከ28 እስከ 34 ኢንች ከፍታ፣ ከሥሩም ጉልበት የሚያስገባ ክፍተት። መሶብና በርጩማ ብቻ ከደረደራችሁ ይህ አይሟላም። መተላለፊያው 36 ኢንች ይሁን፣ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ዊልቼር የሚዞርበት 60 ኢንች ክብ ቦታ ተዉ።

ቡናስ? እንግዳ ፊት መቁላት ከፈለጋችሁ ቦታውን ፕላኑ ላይ አሳዩ፣ ጭስ ማውጫም ይኑረው። ከሰል ግን ቤት ውስጥ ይቅር፤ የማይሸት መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ከዚህ በኋላ ያለው በአብዛኛው ወረቀት ነው። የጤና ቢሮው ባለ ሦስት ጎድጓዳ ማጠቢያ፣ ለብቻው የእጅ መታጠቢያ፣ የመወልወያ ማጠቢያና የቅባት ማጥመጃ ፕላኑ ላይ ማየት ይፈልጋል። ፕላኑ ሳይጸድቅ ግድግዳ አትንኩ። ኢንስፔክተሩ ቧንቧና ኤሌክትሪኩን ሳያይ ግድግዳው እንዳይዘጋ ኮንትራክተሩን አስጠንቅቁ፣ ተዘግቶ ከተገኘ ያስፈርሰዋል። የመክፈቻውን ቀን ለዘመድ አዝማድ የምትነግሩት ቤቱን መጠቀም እንደምትችሉ የሚያረጋግጠውን፣ ሰርተፊኬት ኦፍ ኦኩፓንሲ የሚባለውን የመጨረሻ ወረቀት በእጃችሁ ስትይዙ ነው።