የኬዝ ቃለ መጠይቅ ለምን ይበላሻል? ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ ጅማ ተቀምጠው ለማኔጅመንት አማካሪ ድርጅቶች ቃለ መጠይቅ ለሚዘጋጁ ምሩቃን የቀረበ ነው። ኬዝ የሚባለው፣ ጠያቂው የአንድን ድርጅት ችግር አቅርቦ የተፈታኙን አስተሳሰብ የሚመዝንበት ፈተና ነው።

ምልክት፦ መልስዎ ፈጥኖ ይመጣል፤ ጠያቂው ግን «ሌላስ?» ማለቱን አይተውም።

መንስኤ፦ መድኃኒቱ ከምርመራው ቀድሟል። ለምሳሌ «ጅማ አካባቢ ያለ የእሸት ቡና ማጠቢያ ትርፉ ቀነሰ፤ ለምን ይመስልዎታል?» ቢባሉና «የመሸጫ ዋጋውን ይጨምር» ብለው ቢመልሱ፣ የአረቢካ ቡና ዋጋ የኒውዮርክን ገበያ ተከትሎ የሚወጣና የሚወርድ መሆኑን፣ የማጠቢያው ባለቤትም በፈቃዱ የሚወስነው አለመሆኑን ዘንግተዋል ማለት ነው።

መፍትሄ፦ ጥያቄውን በራስዎ ቃል ደግመው ያረጋግጡ፤ ከዚያም ለማሰቢያ የሚሆን አንድ ደቂቃ ይጠይቁ፤ መጠየቅ ነጥብ አያስቀንስም። በወረቀት ላይ ትርፍን ወደ ገቢና ወጪ፣ ገቢን ወደ መጠንና ዋጋ፣ ወጪን ወደ ቋሚና (ከምርቱ መጠን ጋር የማይለዋወጥ) ተለዋዋጭ ይክፈሉ፤ ክፍሎቹ እንዳይደራረቡ፣ የሚቀር ነገርም እንዳይኖር ይጠንቀቁ። ከዚህ በኋላ ትልቁን ወጪ ይከተሉ። 1 ኪሎ የታጠበ ጥሬ ቡና ለማግኘት በግምት 6 ኪሎ ቀይ እሸት ስለሚያስፈልግ፣ የእሸቱ መግዣ በኪሎ 5 ብር ቢጨምር የጥሬ ቡናው ወጪ በኪሎ 30 ብር ያድጋል። እንግዲህ «የእሸት መግዣ ዋጋ ተቀይሯል? ያልበሰለ እሸት እየተቀላቀለ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ከአሥር የመፍትሄ ሐሳብ ይበልጣል።

ምልክት፦ በቤት ውስጥ የሚቀናዎት ስሌት በጠያቂው ፊት ዜሮ ይጎድለዋል።

መንስኤና መፍትሄ፦ ብዙዎቻችን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ አስልተን በእንግሊዝኛ እንናገራለን፤ ስህተቱ የሚገባው በመሻገሪያው ላይ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው በፈተናው ቋንቋ፣ ድምፅ አውጥተው ያስሉ። 60,000 ኪሎ እሸት 10,000 ኪሎ ጥሬ ቡና እንደሚሆን ሲናገሩ ጠያቂው መንገዱን ይከተላል፤ ቢሳሳቱም እዚያው ያርምዎታል።

ምልክት፦ ብዙ ኬዝ አንብበዋል፤ ሲጠየቁ ግን አንደበትዎ ይያዛል።

መንስኤና መፍትሄ፦ ልምምዱ የንባብ ብቻ ነበር። ባልደረባ ይፈልጉ፤ ተራ በተራ ጠያቂ ይሁኑ፤ ጠያቂ ሆኖ መቀመጥ ተፈታኝ ከመሆን የበለጠ ያስተምራል ባይ ነኝ። ከታወቁት አማካሪ ድርጅቶች መካከል በማኪንዚ ኬዙን በአብዛኛው ጠያቂው ሲመራው፣ በቢሲጂና በቤን ግን ተፈታኙ መምራት ስለሚጠበቅበት ሁለቱንም አካሄድ ይለማመዱ። «ለልምምድ የሚሆን ኬዝ የለም» የሚለውን ቅሬታ ግን አልቀበለውም። ሂርማታ ገበያ ወርደው አንዱን ነጋዴ ባለፈው ወር ትርፉ ለምን እንደቀነሰ ይጠይቁት፤ ሲመለሱም የነገረዎትን ለባልደረባዎ እንደ ኬዝ ያቅርቡለት።