ደብረ ብርሃን ርካሽ ናት ብለው የሚመጡ ሰዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

የአዲስ አበባ ኪራይ ያንገሸገሸው ሰው ዓይኑን ወደ ደብረ ብርሃን ቢጥል አልፈርድበትም። ርቀቱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ፋብሪካው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚሁ ናቸው፣ ኪራዩም ከመዲናዋ ጋር አይወዳደርም። ችግሩ መጪው ሁሉ ኑሮን በኪራይ ብቻ መለካቱ ነው። ለዘመድ ለወዳጅ ቤት ሳፈላልግ ዓመታት አልፈዋል፤ አንዱ ስህተት ግን በየዓመቱ ሲደገም ማየት ስለሰለቸኝ ከእሱ ልጀምር።

ቤት በቀን አይቶ፣ በመልኩ ተማርኮ መከራየት። ይህች ከተማ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ በጠራ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ሰዎች ግን እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ይመጣሉ። የተቀባ ብሎኬት፣ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ፣ ሰፊ መስኮት ያያሉና ወዲያው ቀብድ ይከፍላሉ። ኮርኒስ አለው ወይ? የሚጠይቅ የለም! ኮርኒስ የሌለው ቤት ቆርቆሮው ሌሊት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ በስስ ብሎኬትና በሰፊ መስኮትም ሙቀቱ ይወጣል። ከጎኑ ግድግዳው በወፍራም ጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው ከውስጥ የተሸፈነ አሮጌ ቤት በአነስተኛ ኪራይ ተከራይ ያጣል። «ጭቃ ቤት ልኖር ነው እንዴ አዲስ አበባን የለቀቅሁት?» ይሉኛል። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ወፍራም የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚህ ከተማ ከቆረቆሩ ወዲህ፣ ሰዉ ብርዱን የቻለው በእንዲህ ዓይነት ቤት፣ በባናና በበርኖስ ነው።

አንድ ባልና ሚስት ምክሬን ትተው አዲሱን ብሎኬት ቤት ያዙ። በኅዳር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዙ፣ ከዚያ ተጨማሪ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ሕፃኑ ሳል ይዞት የክሊኒክ ወጪ መጣ። ከአዲስ አበባ ኪራይ አተርፋለሁ ያሉት ብር በብርድ አለቀ። ዛሬ ሥላሴ አካባቢ የጭቃ ቤት ይዘው ደስ ብሏቸው ይኖራሉ፤ ኮርኒሱንም ራሳቸው አሠሩት፣ ወጪውን አከራይዋ ከኪራዩ እየቀነሱላቸው ነው። እንዲህ ያለ ስምምነት ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ብዙ አከራይ እሺ ይላል።

ከብርዱ ጋር የማልታገሠው አንድ ነገር አለ። ክፍል ዘግቶ፣ የተቀጣጠለ ከሰል አስገብቶ መተኛት። የከሰል ጭስ ባይታይም፣ ባይሸትም ይገድላል። «ፍም ሆኗል፣ አይጎዳም» የሚባለው ሐሰት ነው፤ የሚገድለው ፍሙ ራሱ ነው። ማታ ሙቁበት፣ ከመተኛታችሁ በፊት አውጡት። እባካችሁ።

የጋራ ቆጣሪ። ግቢው ውስጥ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀም ከሆነ ሒሳቡን ጠይቁ። የመብራት ታሪፍ በመደብ የተከፋፈለ ነው፤ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለው እጅግ ርካሽ ሲሆን ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ለብቻችሁ ብትሆኑ ዝቅተኛው መደብ ላይ የምትቀሩት ሰዎች የአምስት ቤት ፍጆታ ተደምሮ ከፍተኛው መደብ ውስጥ ትገባላችሁ። በዚያ ላይ አንዱ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግራል፣ ሌላው አምፖል ብቻ ያበራል፣ ክፍያው ግን በእኩል ይካፈላል። የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤት ኪራዩ ትንሽ ቢበልጥም ያዋጣል።

ውኃው በየትኛው ቀን እንደሚመጣ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤትን ጠይቁ፤ ሮቶ ከሌለ በጀሪካን የምትገዙትን ከኪራዩ ላይ ደምሩት።

እየተመላለስኩ አዲስ አበባ እሠራለሁ ማለት። አይሆንም። በሰንዳፋና በሸኖ በኩል ሄዶ መመለስ 260 ኪሎ ሜትር ነው፤ ትራንስፖርቱ ያተረፋችሁትን ኪራይ ይበላዋል፣ መንገዱ የተዘጋ ቀን ደግሞ ሥራችሁን ታጣላችሁ።

ጤፍ በኪሎ እየገዙ ከአዲስ አበባ ዋጋ ጋር ማነጻጸር። ጤፍ ይህ ብርድ አይስማማውም፤ ከምንጃርና ከጅሩ ተጭኖ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ብዙ ርካሽ ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። የዚህ አገር ጥጋብ ገብስና ባቄላ ነው። አዲሱ እህል ሲገባ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ከጎረቤት ጋር ተደራጅታችሁ በኩንታል ግዙ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚሸምት ሰው የዓመቱን ውድ ዋጋ ይከፍላል። ቂንጬ፣ በሶ፣ የገብስ ዳቦ መብላት የሚያፍር ሰው የደብረ ብርሃንን ርካሽነት ሳያይ ይመለሳል።

በዳር በዳሩ ላይ በርካሽ የሚሸጥ ቦታ። ደላላው «የገበሬ ነው፣ በመንደር ውል እንጨርሳለን» ካለ ተነሥታችሁ ሂዱ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የገበሬ ይዞታ ላይ የተሠራ ቤት ካርታ የለውም፣ ሲፈርስም ካሳ የሚጠየቅበት ወረቀት የለም። የዕድሜ ልክ ቁጠባውን አፍስሶ ቆርቆሮውን ብቻ ጭኖ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ካርታውን በከተማው አስተዳደር መዝገብ ሳታረጋግጡ አንዲት ብር እንዳትሰጡ።

ውል ያለ ጽሑፍ ያለመግባትና የስድስት ወር ቅድሚያ ያለመክፈል የታወቀ ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

እድር ደግሞ። ወጪ ይቀንስልኛል ብሎ እድር ሳይገባ የሚቆይ አለ። መዋጮው ትንሽ ነው፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ሞት ሲመጣ ብቻ አይደለም። የትኛው ቤት ሊለቀቅ ነው፣ ማን ገብስ ሊሸጥ ነው፣ የትኛው ግቢ ውኃ አያጣም፣ ይሄ ሁሉ የሚሰማው እዚያ ነው። በገባችሁ በመጀመሪያው ወር ጎረቤታችሁን እማማን ወይም አባባን «እድራችሁ የት ነው የሚሰበሰበው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ይዘዋችሁ ይሄዳሉ።