ላፕቶፕ ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ውክልናውን አንብቡት

የሚጽፍልኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ሥራዬ ኦንላይን ነው፣ ልወጣ ነው፣ የቱ አገር ቪዛ ይሻላል?» ቪዛው ቀላሉ ነው። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2020 ለርቀት ሠራተኞች ቪዛ መስጠት ከጀመረች ወዲህ ብዙ አገር ተከትሏታል። ታይላንድም በ2024 ለ5 ዓመት የሚያገለግል፣ በአንድ መግቢያ እስከ 180 ቀን የሚያስቆይ ቪዛ አምጥታለች። አብዛኞቹ የገቢ ማስረጃና የሥራ ውል ነው የሚጠይቋችሁ። በአጭር ጊዜ ቪዛ ሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) የምትገቡ ግን በየ180 ቀኑ 90 ቀን ብቻ ነው ያላችሁ፣ ቁጠሩ።

እኔን ያቃጠለኝ አገር ቤት ትቼው የወጣሁት ነገር ነው።

ስወጣ ለአክስቴ ልጅ ውክልና ሰጠሁት። አብረን ነው ያደግነው። በረራዬ ሁለት ቀን ሲቀረው ቢሮ ሄድን፣ ጸሐፊዋ «ጠቅላላ ይሁን ልዩ?» አለችኝ። «ጠቅላላ ይሁን፣ ወንድሜ ነው» አልኩ። ሳላነብ ፈረምኩ።

በብዙ አገር ሕግ ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ነው የሚፈቅደው። ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ለይቶ የሚጻፍ ሥልጣን ያስፈልጋል። እኔም «ቤቴን መሸጥ አይችልም» ብዬ ተኛሁ። ማከራየት ግን አስተዳደር ነው። ይሄ አልታየኝም።

አንድ ቀን በቪዲዮ ደውዬ «እስቲ ሳሎኑን አሳየኝ» አልኩት። ስልኩን ጣሪያው ላይ ብቻ ያዞረዋል። እንደምንም ዝቅ ሲል መስኮቱ ታየኝ። መጋረጃው የኔ አይደለም። ለካ ቤቴን ለጓደኛው ለሁለት ዓመት አከራይቶ የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀብሏል፣ ኪራዩም ሰፈሩ ከሚያወጣው በታች ነው። ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንቺማ ባሕር ዳርቻ እየተዝናናሽ፣ ይቺ ታሳስብሻለች?» ፎቶዬን አይቶ ነው። እኔ በሰዓት ልዩነት ምክንያት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስብሰባ ላይ እንደምቀመጥ ፎቶ አያሳይም። ከቦታ ቦታ የሚዞር ሰው ዘመድ ዓይን ውስጥ ሥራ የለውም፣ ሽርሽር ላይ ነው። እናቴ ደግሞ «ተይው ልጄ፣ ደምሽ ነው» ትለኛለች።

ውክልናውን ልሽረው ስል ሌላ ጣጣ መጣ። ለተወካዩ ብቻ መንገር አይበቃም። ባንኩም ተከራዩም፣ ወረቀቱን ያየ ሁሉ በጽሑፍ ማወቅ አለበት። ያላወቀ ሰው በአሮጌው ወረቀት ቢዋዋል እናንተው ልትጠየቁ ትችላላችሁ። መሻሪያው ደግሞ አገር ቤት እንዲሠራ መረጋገጥ አለበት። አገራችሁም ያላችሁበት አገርም የ1961ዱ የሄግ ስምምነት አባል ከሆኑ አፖስቲል የሚባል አንድ ማረጋገጫ ይበቃል። ካልሆኑ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወደ ኤምባሲ መመላለስ ነው። እኔ ያለሁበት አገር ኤምባሲ አልነበረንም፣ ለማኅተም ብዬ ድንበር ተሻገርኩ።

«ታዲያ ማንን እንመን?» ትሉኛላችሁ። ዘመድ አትመኑ አልልም። ግን አንድ ሰው ላይ ሁሉንም አትጫኑ። አሁን ቁልፉ እናቴ ጋር ነው፣ ውክልናው የምከፍለው ጠበቃ ጋር ነው፣ ገንዘቡ በማንም እጅ አያልፍም። የከፈላችሁትን ሰው «የት አደረስከው?» ማለት ትችላላችሁ። በውለታ የሚሠራላችሁን ዘመድ ደረሰኝ ስትጠይቁት ግን ይቀየማል፣ ቅያሜውም በእናታችሁ በኩል ዞሮ ይመጣል። ዕዳ ያለበትን ዘመድ ደግሞ በፍጹም። ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ስለሚጨንቀው። ውክልናው ላይ የሚሠራው ሥራ አንድ በአንድ ተለይቶ ይጻፍ፣ የሚያበቃበት ቀን ይኑረው፣ «ለሌላ መወከል አይችልም» የሚል ይግባበት።

ሲም ካርዳችሁን ለማንም ትታችሁ እንዳትሄዱ። የባንክ ኮድ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው፣ መስመሩን የያዘ ሒሳቡን ያዘ ማለት ነው። ኢሲም (ካርድ ሳይኖረው ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) አስደርጉት ወይም ይዛችሁት ዙሩ፣ አልፎ አልፎም ካርድ ሙሉበት። ዝም ያለ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ባንካችሁ ኮዱን በመልእክት ሳይሆን ስልኩ ላይ ራሱ የሚያወጣ አፕ ከፈቀደ ሳትወጡ ወደዚያ ቀይሩ።

ግብር፦ ብዙ አገር 183 ቀን ከቆያችሁበት ግብር ከፋዬ ናችሁ ይላችኋል። የኪራዩ ግብር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ያለበት አገር ነው። ፓስፖርት፦ ስድስት ወር የማይሞላ ዕድሜ የቀረውን ብዙ አገር አይቀበልም፣ ቀድማችሁ አሳድሱ።

ተከራዩ እስካሁን ቤቴ ውስጥ አለ። ኪራዩን ቀጥታ በስሜ ያስገባል፣ አንድም ወር አላሳለፈም። መጋረጃው ግን አሁንም የሱ ነው።