የፍጡራንን መሰላል ለልጆች እንዴት እናስረዳ?

ጎንደር ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንድ ዓመት «የበላይ እንስሳ፣ የበታች እንስሳ የሚባል የለም» ብዬ ጀመርኩ፤ ልጆቹ ሸምድደው ለፈተና ጻፉት፣ ወዲያው ረሱት። ከዚያ ወዲህ መሰላሉን፣ ማለትም ፍጡራንን ከበታች እስከ በላይ የሚደረድረውን የጥንት ሐሳብ፣ መጀመሪያ ራሳቸው እንዲሠሩት አደርጋለሁ።

ካርቶን ቆርጣችሁ ሰባት ስም ጻፉ፦ ድንጋይ፣ ዋንዛ፣ ንብ፣ የጣና አምባዛ፣ ጭላዳ፣ ሰው፣ መልአክ። ወለሉ ላይ በጠመኔ መሰላል ሥሉና «ደርድሩ» በሏቸው። አትርዷቸው። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ እያየ ያደገ ልጅ መልአኩን የት እንደሚያስቀምጥ አያመነታም። ሲጨርሱ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሊቃውንትም እንዲሁ እንደደረደሩ ንገሯቸው፤ በየእርከኑም አለቃ ነበረ፦ ከአራዊት አንበሳ፣ ከወፎች ንስር፣ ከማዕድን ወርቅ። ሥሩ የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ነው፦ ተክል ያድጋል፤ እንስሳ በዚያ ላይ ይሰማዋል፤ ሰው ደግሞ ያስባል። (መልአኩን ግን ለየኔታ ተዉት፤ ባዮሎጂ አይለካውም። ይህን ቀድማችሁ ካልተናገራችሁ ክርክሩ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል።)

አሁን «በምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነውና አትቸኩሉ። በማሰብ ከሆነ ሰው ይበልጣል። ገደል ላይ በማደር ከሆነስ? የሰሜን ተራሮች ጭላዳ ሌሊቱን የሚያሳልፈው እዚያ ነው። አምባዛ ዓሣ ሆኖ ሳለ አየር ይስባል፤ ንብ እኛ የማናየውን ብርሃን ታያለች። መለኪያው በተለወጠ ቁጥር ካርዶቹን እንደገና አስደርድሩ።

«ጭላዳ ቆይቶ ሰው ይሆናል?» የሚል ልጅ አይጠፋም። ደስ ይበላችሁ፤ የመሰላሉን ጉድለት ያገኘው እሱ ነው፤ መሰላል የታችኛው ወደ ላይኛው የሚወጣ ያስመስላልና። ዘር አስቆጥሩት፦ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት። የአክስትህ ልጅ አያትህ አይደለም፤ አያታችሁ ላይ ትገናኛላችሁ። ከጭላዳ ጋር የምንገናኘው ከ25 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ ወደ ኋላ ሄደን ነው። የዝግመተ ለውጥ ሊቁ ዳርዊን በ1837 እ.ኤ.አ. በጀመረው ማስታወሻ ደብተር የዝምድና ዛፍ ሣለ፤ አንዱን እንስሳ ከሌላው ይበልጣል ማለትም ትርጉም እንደሌለው እዚያው ጻፈ።

ለትልልቆቹ አንድ ነገር አትዝለሉ፦ አውሮፓውያን በዚሁ መሰላል ሰውንም በቆዳው ቀለም ደርድረዋል፤ እኛንም ዝቅ አድርገው።

መጨረሻ ላይ መሰላሉን አጥፍታችሁ ዛፍ አሥሏቸው። ድንጋዩ ከዛፉ ውጭ ይቀራል። ሰውና ጭላዳ ጎን ለጎን፣ አምባዛ ራቅ ብሎ፣ ንብ ከዚያ ወዲያ፣ ዋንዛ ከሁሉም ርቆ። የቅርንጫፎቹ ጫፍ ሁሉ እኩል መስመር ላይ ይድረስ፤ አምስቱም ዛሬ በሕይወት ያሉ ናቸውና።