የአሮጌ ፒካፕ ፍሬን ሲያስቸግር፦ ሐረጎን ከመውረድዎ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ከደሴ ተነስተው በሐረጎ በኩል ኮምቦልቻ ሲደርሱ ከፍታው ወደ 600 ሜትር ይቀንሳል። ከነጭነቱ 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒካፕ ያን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ቢወርደው፣ ሸራውና ዲስኩ ላይ የሚያርፈው ሙቀት ከ40 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሰው "ፍሬኑ ትንሽ ላላ" ብሎ ለነገ ማሳደር የሌለበት ስለዚህ ነው።

የእኔ መኪና ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ያለው የድሮ ናፍጣ ሃይሉክስ ነው። አንድ ጊዜ ፔዳሉ ሲለሰልስብኝ ጋራዥ ወሰድኩት፤ ሸራ ቀየሩልኝና ከፍዬ ወጣሁ። በሳምንቱ ሽንኩርት ጭኜ ሐረጎ መሃል ስደርስ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳብኩ ወደ ተራራው ጥግ ተጠግቼ ቆምኩ። ጥፋቱ የሸራው አልነበረም፤ ለዓመታት ሳይቀየር የቆየው የፍሬን ዘይት ነበር። ከዚያ ወዲህ በሽታው ሳይታወቅ መለዋወጫ አልገዛም።

መጀመሪያ ዘይቱን ይዩ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁመው ጎማው ሥር ታኮ ያድርጉ። ዘይቱ በማጠራቀሚያው ላይ ካሉት ሁለት መስመሮች መካከል መሆን አለበት። ከታችኛው መስመር ከወረደ ሞልቶ መሄድ መፍትሔ አይደለም፤ ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ ይፈስሳል። አዲስ ዘይት ነጣ ያለ የማር መልክ አለው፤ የእርስዎ ቡና ከመሰለ ጊዜው አልፏል።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። የዶት 4 መለኪያ 230 እና 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት ሳይሆን ሲጫኑት ይታመቃል፣ እግርዎም ባዶ ይረግጣል። ክፋቱ ሲበርድ ፔዳሉ ወደ ቦታው መመለሱ ነው። በማግስቱ መካኒኩ ቢረግጠው ጤነኛ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይቀይሩት። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ጠብታ እንኳን እንዳይገባበት፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻል።

ቀጥሎ ፔዳሉን ይጠይቁ። ሞተሩን አጥፍተው አራት አምስት ጊዜ ይርገጡ፤ ከዚያ ጠበቅ አድርገው ለግማሽ ደቂቃ ይያዙት። ቀስ እያለ ከሰመጠ ዘይት እያመለጠ ነው። የአራቱንም ጎማ የውስጥ ገጽና ቱቦዎቹን ይዩ፤ ውጭው ደረቅ ከሆነ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ማስተር ሲሊንደር የውስጥ ጎሚኒው አልቋል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ እየነዱ ጋራዥ አይሂዱ፤ መካኒኩ ይምጣልዎ። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ገብቷል። በመጀመሪያው እርግጫ ዝቅ ብሎ በሁለተኛው ከፍና ጠንከር ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ስለራቀ ማስተካከያው ይጠበቅ።

አሁን እግርዎን ሳያነሱ ሞተሩን ያስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ሸተት ማለት አለበት። ድንጋይ እንደሆነ ከቀረ ሰዎች ወዲያው ሰርቮ፣ ማለትም የእግርን ጉልበት የሚያግዘውን ዕቃ ይገዛሉ። በብዙ የድሮ ናፍጣ ሃይሉክሶች ላይ ግን ለሰርቮው አየር የሚስበው ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመ ነው። ከእሱ ወደ ሰርቮው የሚሄደውን የጎማ ቱቦ በእጅዎ አጠፍ አጠፍ አድርገው ስንጥቅ ይፈልጉ፤ በርካሹ ይጀምሩ።

ፍሬን ሲይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ ጤነኛው የሚስብበት ጎን ሊሆን ይችላል፤ ወደ ቀኝ ከሄደ የግራው ፍሬን ሰንፎ ይሆናል። ፍሬን ሳያበዙ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው የእጅዎን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጉ። ከጓደኛው ይልቅ የሚፋጅ ካለ ፍሬኑ አልለቀቀም። ያን ጎማ አንስተው የአየር ማስወጫ ብሎኑን ትንሽ ያላሉ። ጎማው ወዲያው በነፃ ከዞረ ግፊቱ ታስሮ ነበርና ውስጡ ያበጠ ቱቦ ይጠርጥሩ፤ ካልዞረ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር ራሱ ተጣብቋል።

ታምቡሩን ሲከፍቱ በክሪክ ብቻ አይተማመኑ፤ የብረት መደገፊያ ያስገቡ። የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። ታምቡሩ እምቢ ካለ በመዶሻ አይደብድቡት፤ ፊቱ ላይ ባሉት ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች 8 ሚሊ ሜትር ብሎን እያፈራረቁ ቢያጠብቁ ራሱ ይወጣል። አቧራውን በአየር አይንፉ፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በውሃ አርጥበው ይጥረጉት። ሸራው 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይቀየር። ሸራውን የሚገፋውን ትንሽ ሲሊንደር ጎሚኒ ጠርዝ በካቻቪቴ ገለጥ ያድርጉ፤ ሥሩ ከረጠበ ሲሊንደሩ አልቋል። ፈሳሹ ወፍራምና ድኝ ድኝ የሚሸት ከሆነ ደግሞ የዲፈረንሻል ዘይት ነው። ዘይት የጠጣን ሸራ በቤንዚን አጥቦ መመለስ ራስን ማታለል ነው፤ የሁለቱም ጎን ይቀየር።

እኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ጭነት ለማብዛት ባሌስትራ ላይ ቅጠል ይጨመራል። በብዙ ፒካፖች የኋላውን የፍሬን ጉልበት በጭነቱ መጠን የሚወስን ቫልቭ አለ፤ ጭነቱን የሚያውቀው ከአካሉና ከኋላው አክስል ርቀት ነው። ባሌስትራው ሲጠነክር አካሉ አይወርድም፣ ቫልቩም መኪናው ባዶ ነው ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ቅጠል ካስጨመሩ ቫልቩም ይስተካከል።

አየር ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። መሪው በግራ ለሆነ መኪና ከኋላ ቀኝ ጀምረው ወደ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ ይሂዱ። ብሎኑ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክተው ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይንከሩ። ረዳትዎ ረግጦ ሲይዝ ይክፈቱ፣ እግሩን ከማንሳቱ በፊት ይዝጉ፤ አረፋው እስኪጠፋ ይደጋግሙ። ማጠራቀሚያው በመካከሉ እንዳይደርቅ፤ ከደረቀ ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። የወጣውን ዘይት መልሰው አይጠቀሙበት።

የመጀመሪያውን ሙከራ ደልዳላ መንገድ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያድርጉ። ሐረጎን ሲወርዱ ማርሽ የሚቀነሰው ከቁልቁለቱ አፍ ላይ ነው፣ መሃል ከገቡ በኋላ አይደለም። ታች ሲደርሱ ዳር ይዘው ያቁሙና ቸርኬዎቹን በእጅዎ ጀርባ እንደገና ይሞክሯቸው፦ የፊቶቹ ከኋላዎቹ ቢሞቁ ልማዳቸው ነው፤ ቀኙና ግራው ግን እኩል መሆን አለባቸው።