ከሰፈራችሁ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ቤት ሊሠራ ነው ሲባል

እንግሊዝ ውስጥ ከከተማ ወጣ ብላችሁ የምትኖሩ ከሆነ፣ አንድ ቀን የመብራት ምሰሶ ላይ የካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ወረቀት ተለጥፎ ታያላችሁ። ጠጋ ብላችሁ ስታነቡት ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትንሸራሸሩበት ሜዳ ላይ ቤቶች ለመሥራት ማመልከቻ ገብቷል ይላል። እኛ ሰፈርም እንዲሁ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ተናደድን፣ ቀጥሎ ፊርማ አሰባሰብን። ሁለቱም ብዙ አልጠቀሙንም።

ቤት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። እኔም የካውንስል ቤት ወረፋ ለዓመታት ጠብቄያለሁ። ግን ከተማ ውስጥ የተዘጋ ፋብሪካና ባዶ የመኪና ማቆሚያ እያለ የእርሻ መሬት የሚቆፈርበት ምክንያት አይታየኝም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሜዳው ግሪን ቤልት፣ ማለትም በከተሞች ዙሪያ ግንባታ እንዲገደብበት የተከለለ መሬት ውስጥ ከሆነ፣ የተከለለው ስለሚያምር አይደለም። «ሜዳው በጣም ቆንጆ ነው» ብላችሁ ብትጽፉ ሚዛን አይደፋም። የመንግሥት የዕቅድ መመሪያ የሚሰጠው አምስት ዓላማ ነው፦ ትልልቅ ከተሞች እንዳሻቸው እንዳይስፋፉ፣ ጎረቤት ከተሞች እርስ በርስ እንዳይገጥሙ፣ ገጠሩ እንዳይወረር፣ የታሪካዊ ከተሞች ገጽታ እንዲጠበቅ፣ ከተማ ውስጥ ያለው ያገለገለ (ከዚህ በፊት ግንባታ የነበረበት) መሬት ቀድሞ እንዲለማ። ደብዳቤያችሁ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ይቁም።

በተለይ ከዲሴምበር 2024 ወዲህ «ግሬይ ቤልት» የሚባል ነገር መጥቷል። አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን ዓላማ በጠንካራ ሁኔታ የማያገለግል የግሪን ቤልት መሬት ለግንባታ ቀለል ይላል። አልሚው «ይህ ግሬይ ቤልት ነው» ማለቱ አይቀርም። እናንተ ደግሞ ካርታ አውጡና በሁለቱ ከተሞች መካከል የቀረውን ክፍት ቦታ በሜትር ለኩ። መንደሮች ይገጥማሉ ማለት አይበቃም፣ መመሪያው የሚያየው ከተሞችን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

አስተያየት ለመስጠት ብዙውን ጊዜ ያላችሁ 21 ቀን ነው። የቤቴ ዋጋ ይወርዳል፣ ከመስኮቴ የማየው ይጋረዳል፣ አልሚው ስግብግብ ነው የሚሉትን ተዉአቸው፤ አይቆጠሩም። የሚቆጠሩት የመንገድ መጨናነቅ፣ ጎርፍ፣ ዛፍና የዱር እንስሳት፣ ታሪካዊ ቅርስ፣ የእግር መንገድ ናቸው። አንድ ጽሑፍ ገልብጦ 300 ሰው ከሚልክ፣ አሥር ሰው እያንዳንዱ በዓይኑ ያየውን ቢጽፍ ይሻላል። ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ እናት፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ በየጃንዋሪው ሜዳው ጥግ ላይ የተኛውን ውሃ በስልካቸው አንስተው ነበር፤ ፎቶው ላይ ቦት ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ሰምጦ፣ ከኋላ አጥሩ እየታየ፣ ቀኑ ከነሰዓቱ ተጽፎበት። የአልሚው ሪፖርት እዚያ ቦታ ውሃ አይቆምም ይል ነበር። ማመልከቻው ላይ የሚወስነው የካውንስሉ ኮሚቴ ፊት ያንን ፎቶ የሚያህል ነገር አልነበረንም።

ኮሚቴው ፊት የመናገር ዕድል ካገኛችሁ ብዙ ቦታ የሚሰጠው 3 ደቂቃ ያህል ነው። ቤት ውስጥ ሰዓት ይዛችሁ ተለማመዱ። ካውንስሉ ከከለከለ አልሚው ለመንግሥት ኢንስፔክተር ይግባኝ ማለት ይችላል። ከፈቀደ ግን እናንተ ይግባኝ የላችሁም፤ የሕግ ስህተት ካለ ብቻ በ6 ሳምንት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ነው፣ እሱም ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ማስረጃችሁን ከመጀመሪያው አስገቡ።

ትልቁ ሥራ ግን ያለው ከወረቀቱ በፊት ነው። ካውንስሉ «ሎካል ፕላን» (በአካባቢው ወደፊት የት ምን እንደሚሠራ የሚያስቀምጥ ዕቅድ) ሲያዘጋጅ ነው መሬቱ ከግሪን ቤልት የሚወጣው። አንዴ ከወጣ በኋላ መጮህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የካውንስሉ የኢሜይል ዝርዝር ውስጥ ግቡና ምክክሩ ሲከፈት ጻፉ። ካውንስሎች ከ2017 ጀምሮ ያገለገለ መሬት መዝገብ መያዝ ግዴታቸው ነው፤ እሱን አውርዳችሁ፣ በእግራችሁ ዞራችሁ፣ እስካሁን ባዶ የሆኑትን ቦታዎች ፎቶ አንሱና አያይዙ።

ሌላም መንገድ አለ። የአካባቢው ሰው ሜዳውን ሳያስፈቅድ፣ በግልጽ፣ ያለ ኃይል 20 ዓመት ከተጫወተበትና ከተዝናናበት፣ የመንደር መስክ (ለነዋሪው መዝናኛ በሕግ የሚጠበቅ ቦታ) ሆኖ እንዲመዘገብ ማመልከት ይቻላል። የግንባታ ማመልከቻው ይፋ ከሆነ በኋላ ግን ይህ በር ይዘጋል። ስለዚህ ምሰሶው ላይ ወረቀት ከመለጠፉ በፊት የሰፈሩን አዛውንቶች ጠይቁ፤ የሚያስታውሱትን ከነዓመቱ ጻፉና አስፈርሟቸው።