ወጥ የፊት አክስል ሲገጠም፦ ከብየዳው በፊት የሚፈጸሙ ስህተቶች

ቶዮታ ለአሜሪካ ገበያ የሚያቀርበውን ባለ አራት ጎማ ፒክአፕ እስከ እ.ኤ.አ. 1985 ድረስ በወጥ የፊት አክስል፣ ማለትም ሁለቱን የፊት ጎማዎች በሚያገናኝ አንድ ግትር ምሰሶ፣ እና በባሌስትራ ይሠራው ነበር። በ1986 እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው ወደሚወዛወዝበት እግር ተሸጋገረ። በሌሎች ብዙ አገሮች ሃይሉክስ በሚል ስም የተሸጠው ያው መኪና ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት በወጥ አክስል ቀጥሏል። አሜሪካ ውስጥ በቋጥኝ ላይ መንዳት የሚወዱ ሰዎች አዲሱን እግር ቆርጠው አውጥተው በምትኩ የቀድሞውን አክስል መግጠም ጀመሩ፤ ሥራው ዛሬም አልቆመም። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ወጥ አክስል ሌላውን ወደ መሬት ይገፋዋል፤ የሚንቀሳቀሱ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ጫካ ውስጥ ቢጎዳም በቀላል መሣሪያ ይጠገናል።

ሥራው ሲበላሽ አክስሉ ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ጣጣው ያለው አክስሉ ከመሪው፣ ከሻንሲውና ከኃይል ማስተላለፊያው ጋር በሚገናኝባቸው ቦታዎች ላይ ነው። ከእነዚህ ስህተቶች አብዛኞቹ የሚፈጸሙት ደግሞ በያጁ መነጽሩን ከማጥለቁ በፊት፣ በልኬቱ ጊዜ ነው።

ለማያስፈልገው መኪና መሥራት

ኮረኮንች መንገድ ላይ በፍጥነት ለሚሄድ መኪና ለየብቻ የሚወዛወዝ የፊት እግር ይሻላል። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውን አይረብሸውም፤ ከሞላው በታች የሚንጠለጠለው ክብደትም ያነሰ ነው። መርሴዲስ እንኳ ለአሥርተ ዓመታት በወጥ አክስል የሠራውን ጂ ዋገን እ.ኤ.አ. በ2018 የፊት እግሩን ለየብቻ ወደሚወዛወዝ ቀይሮታል። ወጥ አክስል የሚክሰው በዝግታ፣ በቋጥኝና በተቦረቦረ መንገድ ላይ ነው። ይህን ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ላንድክሩዘር 70፣ ሱዙኪ ጂምኒና ጂፕ ራንግለር ከፋብሪካ ወጥ አክስል ይዘው ይመጣሉ። አገራችን ውስጥ በየገጠሩ መንገድ የሚታየው የኋላ ክፍሉ ረጅም ላንድክሩዘር የዚሁ ቤተሰብ ነው። የሥራው ወጪ ሲደመር ከሁለቱ መኪኖች የዋጋ ልዩነት የሚበልጥ ከሆነ፣ መኪናውን ሸጦ ሌላ መግዛት ይቀላል። ይህን ስል የሚከፋቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ።

የዲፈረንሻሉን ጎን ሳያዩ አክስል መግዛት

የፊት ዲፈረንሻል አብዛኛውን ጊዜ መሀል ላይ አይቀመጥም፤ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ያደላል። የሚያደላበት ጎን ኃይልን ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያከፋፍለው የትራንስፈር ኬዝ የፊት መውጫ ካለበት ጎን ጋር መግጠም አለበት። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን የአንድ ፋብሪካ ምርቶችም ሊለያዩ ይችላሉ። ከ1973 እስከ 1987 የተሠሩት የሼቭሮሌ ፒክአፖች ዲፈረንሻል በቀኝ በኩል ነው። ፋብሪካው በ1988 የፊት እግሩን ሲቀይር መውጫውን ወደ ግራ አዞረው። ስለዚህ የ1990 ሼቭሮሌ ፒክአፕ ያለው ሰው የአሮጌውን ሼቭሮሌ አክስል «የራሱ ዘር ነው» ብሎ ቢገዛ አይገጥምለትም፤ ዲፈረንሻሉ በግራ የሆነው የፎርድ አክስል ይቀርበዋል።

አክስሉን ገልብጦ ጎኑን ለማስተካከል የሚሞክር አይጠፋም። ሲገለበጥ ጎማዎቹ ወደ ኋላ ይሽከረከራሉ። ፊቱ ወደ ኋላ፣ ኋላው ወደ ፊት የሚጎትት መኪና ማንም አይፈልግም።

ጥርስ አለመቁጠር

የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል ጥርስ ምጣኔ አንድ መሆን አለበት። የኋላው ኮሮና (ትልቁ ጥርስ) 41 ጥርስ፣ እሱን የሚያዞረው ትንሹ ፒኞን 10 ጥርስ ከሆነ ምጣኔው 4.10 ነው። የፊቱ ኮሮና 39፣ ፒኞኑ 8 ከሆነ 4.88 ይሆናል። በዚህ ልዩነት ባለ አራት ጎማው ሲያያዝ የፊትና የኋላ ጎማዎች በ19 በመቶ ያህል የተለያየ ፍጥነት ይጠይቃሉ። አስፋልት ላይ ከሆነ አንዱ ነገር ይሰበራል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰበረውም ውዱ ነው። ሻጩ የነገረውን ምጣኔ አትመኑ፤ ክዳኑን አስከፍታችሁ ጥርሱን ቁጠሩ።

ስፋቱን መርሳት

ከ1979 እስከ 1985 የነበረው የቶዮታ ፒክአፕ ወጥ አክስል ከ1986 በኋላ ከመጣው አዲሱ እግር ወደ 7.5 ሴንቲሜትር ይጠባል። እንዳለ ቢገጠም የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ። መላው ቀላል ነው፤ ከሚወጣው እግር ላይ ያለው ጎማው የሚታሰርበት ሃብ በወጡ አክስል ላይ ስለሚገጥም በየጎኑ ወደ 3.8 ሴንቲሜትር ይመልሳል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን አሮጌውን እግር ከነሃቡ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጦት ይገኛል።

ክብደቱ ሳያርፍ መበየድ

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስከፍለው ስህተት ይህ ነው። መኪናው በድጋፍ ላይ ተሰቅሏል፣ ሞተሩ ለማጠብ ወጥቷል፣ መከላከያውና ዊንቹ (መኪናውን በገመድ የሚጎትተው መሣሪያ) ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ሰውየው አክስሉን በክሪክ አንስቶ «እዚህ ጋ ጥሩ ይመስላል» ይልና የባሌስትራውን መያዣ ሙሉ በሙሉ ይበይደዋል። በኋላ ሞተሩ ሲመለስ፣ ዊንቹ ሲታሰር፣ ባሌስትራው በብዙ መቶ ኪሎ ሲጫን፣ የተለካው ማዕዘን ሁሉ ይለወጣል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ሻንሲው በውሃ ልክ ይስተካከላል። ከዚያ ፋብሪካው በሻንሲው ላይ ከበሳቸው ቀዳዳዎች ቱምቢ ወደ ወለሉ ይወርድና ነጥቦቹ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። ከፓራፋንጎ መለካት አይገባም፤ ፓራፋንጎ ከዚህ ቀደም ስንት ግጭት እንዳየ ማንም አያውቅም። ከኋላ አክስል እስከ ፊት አክስል ያለው ርቀት በቀኝም በግራም አንድ መሆን አለበት፤ ከጥግ እስከ ጥግ የሚወሰዱት ሁለቱ ሰያፍ ልኬቶችም እንዲሁ። መያዣዎቹ በነጥብ ብየዳ ብቻ ይያዛሉ። ሞተሩ ይገባል፣ መከላከያው ይታሰራል፣ መኪናው በገዛ ጎማው ይቆማል። ልኬቱ እንደገና ከተወሰደ በኋላ ነው ሙሉ ብየዳው የሚከተለው። ነጥብ ብየዳን መፍቻው አንድ መቁረጫ ዲስክ ነው፤ ሙሉ ብየዳን መፍቻው ግን የሻንሲውን ብረት ይዞ ይሄዳል።

ዘንጉን ለማስደሰት ካስተርን መሠዋት

ጎማው ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚዞርበት ምሰሶ ከጎን ሲታይ ቀጥ ያለ አይደለም፤ የላይኛው ጫፍ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ይህ ዝንባሌ ካስተር ይባላል፤ መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ ወደ መሀል የሚመለሰው በእሱ ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ቢገኝ ይበቃል።

መኪናው ከፍ ሲል ከትራንስፈር ኬዙ ወደ ፊት ዲፈረንሻል የሚወርደው ዘንግ በጣም ያዘቀዝቃል። ዘንጉ እንዳይንቀጠቀጥና ክሮቸራው (የዘንጉ መታጠፊያ መገጣጠሚያ) እንዳይበላ ሠሪው የዲፈረንሻሉን አፍንጫ፣ ዘንጉ የሚገባበትን ጫፍ፣ ወደ ላይ ያቀናዋል። አክስሉ ወጥ ነውና አፍንጫው ሲነሳ የጎማው ምሰሶም አብሮ ወደ ፊት ይዞራል፤ ካስተሩም ያልቃል። መኪናው በ80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ መሪው ይንሳፈፋል፣ አንድ ጉድጓድ ሲመታ የፊት ጎማዎች በኃይል መርገፍገፍ ይጀምራሉ። ባለቤቱ የጎማ ሚዛን ያሠራል፣ ቴስቲና (የመሪ ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ) ይቀይራል፣ የመሪ ማርገቢያ አሞርዛተር ይጨምራል። ያረጀ ቴስቲና ነገሩን ማባባሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ካስተሩ ዜሮ ከሆነ የሚገዛው ዕቃ ሁሉ ለጊዜው ከማስታገስ አያልፍም።

ከባሌስትራው በታች የሽብልቅ ብረት የሚያስገቡም አሉ። ሽብልቁ አፍንጫውንም ምሰሶውንም አንድ ላይ ስለሚያዞር ለአንዱ የሰጠውን ከሌላው ይነጥቃል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስተካከል የሚቻለው በአክስሉ ጫፍ ያለውን የምሰሶ መያዣ ብየዳ ቆርጦ፣ አዙሮ፣ እንደገና በመበየድ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ አክስሉ ከመኪናው ሥር ሳይገባ በፊት መሠራት ያለበት ነው።

መሪው በራሱ እንዲዞር ማድረግ

በሞላ የሚሠራ ወጥ አክስል ወደ ጎን እንዳይሸሽ ከሻንሲው እስከ አክስሉ የሚዘረጋ ፓናርድ ባር የሚባል ዘንግ አለው። ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማው የሚሄድ ሌላ ዘንግም አለ። አክስሉ ሲወጣና ሲወርድ ሁለቱም ቅስት ይስላሉ። ርዝመታቸውና ዝንባሌያቸው ተመሳሳይ ከሆነ ቅስቶቹ አንድ ይሆናሉ። ካልሆነ ነጂው መሪውን ሳይነካ መኪናው በየጉድጓዱ ወደ ጎን ይዘላል። በባሌስትራ ላይ ፓናርድ ባር ባይኖርም የመሪው ዘንግ በተቻለ መጠን አግድም መሆን አለበት። እዚህ ላይ የ1986ቱ የአሜሪካ ገበያ ፒክአፕ ውለታ አለው፤ የመሪ ሳጥኑ ክንዱን ወደ ጎን ስለሚያንቀሳቅስ ለዚህ ሥራ እንዳለ ይቀራል፤ አውጥቶ መጣል ስህተት ነው።

ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ ማድረግ

ከፍታው የሚወሰነው ባሌስትራው ወይም ሞላው ሳይገባ ነው። አክስሉ በክሪክ እስከ መጨረሻው ይነሳና የዲፈረንሻሉ ሆድ ከሞተሩ የዘይት ኮፓ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ይታያል። ጎማው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ታጥፎ ይሞከራል። አክስሉ ከልክ በላይ እንዳይወጣ የሚገታው ላስቲክ የሚቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሙከራ የዘለለ ሰው መኪናውን ለጥንቃቄ ብሎ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ያደርገዋል፤ የዘንጉንም የመሪውንም ችግር በገዛ እጁ ይጨምራል።

ቸኩሎ መቁረጥ፣ በሙቀት ማጣመም

አሮጌው እግር ሲቆረጥ ዲስኩ የሻንሲውን ግድግዳ እንዳይነካ ጥቂት ብረት ትርፍ ትቶ መቁረጥና ቀሪውን በዝግታ መሞረድ ይሻላል። ማጠናከሪያ ሳህን ሲለጠፍ ጫፉ ሰያፍ ይሁን፤ ሻንሲውን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ ብየዳ ስንጥቅ የሚጀምርበት መስመር ነው። አክስሉ ላይ በአንድ ትንፋሽ ረጅም ብየዳ የሚያወርድ ሰው ቱቦውን ያጣምመዋል። አጫጭር እየበየዱ፣ ቦታ እየቀያየሩ፣ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግድ ነው። ባትሪውን መንቀልም አይረሳ።

የፍሬን ቱቦን በቆመ መኪና መለካት

ቱቦው የሚለካው አክስሉ ሙሉ በሙሉ ተንጠልጥሎ፣ ጎማውም ታጥፎ ነው። የኃይል ማስተላለፊያው ዘንግም በዚያው ሁኔታ ላይ ከመገጣጠሚያው እንዳይወጣ ይታያል።

ወረቀቱን ለመጨረሻ ማቆየት

ጀርመን ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ በመርማሪ ታይቶ በመኪናው ሰነድ ካልተመዘገበ መንገድ ላይ አይወጣም። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ እንደ ግዛቱ ይለያያል። አገራችን ውስጥም ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ አለ፤ ስለዚህ መርማሪውን ከመቁረጡ በፊት ማነጋገር ይሻላል። ሥራው አልቆ መኪናው መንገድ ከጀመረ በኋላ ደግሞ አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች በመጀመሪያው ሳምንት ይላላሉ፤ ዳዶዎቹ በልካቸው እንደገና መጥበቅ አለባቸው።